የላይኛውና የታችኛው መሻገሪያ

መቱ፣ መስከረም 18 ቀን 1943 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለደበሳ፣ ካርቱም

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረህ። የሰው አገር ፀሐይ አያድክምህ፣ የምትይዘው ብረት እጅህን አይጉዳው እያልኩ በየሰንበቱ ስምህን አነሣለሁ። እኔ እኅትህ በየነች ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ነጋዴው ሻፊ ቡና ጭኖ ወደ ጋምቤላ ሊወርድ ነውና፣ ወንዙ ሳይጎድል የመጨረሻው መርከብ እንዲያደርስልህ በችኮላ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከብዶብን ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ወንዛችን ለገ ጉራቻ ሞልቶ፣ ወደ ያዮ የሚያሻግረንን የእንጨት ድልድይ ከነምሰሶው ነቅሎ ወሰደው። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ግን ከወንዙ ማዶ ያሉት ዘመዶቻችን ቡናቸውን ይዘው ቀርተዋል። አንዲት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አምጥተው፣ ከውኃው ዳር አድረው መልሰዋታል። እሷስ በሰው እጅ ተገላግላለች፤ የሚቀጥለዋ እንዴት እንደምትሆን እንጃ።

አገሬው አዲስ ድልድይ ለመሥራት ተስማምቷል። የተለያዩት ወንድሞቼ ናቸው። ታላቄ ጅራታ «ወደ ላይ ገደሉ ከጠበበበት ይሠራ፤ እዚያ ድንጋዩ ጽኑ ነው፣ ውኃም አይደርስበትም» ይላል። ታናሻችን ሰቦቃ ደግሞ «መንገዱ ያለው ከታችኛው መሻገሪያ ነው፤ የተጫነ በቅሎ ገደል አይወጣም፣ ቃሬዛም አይወጣም» ይላል። የፈረሰውን ድልድይ ጠላት ከወጣ በኋላ አስተባብሮ ያሠራው ሰቦቃ እንደነበር ታውቃለህ።

በስብሰባው ላይ አንዳንድ ቃል ተለዋውጠዋል። እሱን አልጽፈውም።

ገንዘብ ላክ አልልህም። ሁለቱም ያከብሩሃልና ለሁለቱም ባንድነት የሚያበርድ ቃል ጻፍላቸው። እግዚአብሔር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

እኅትህ በየነች


ካርቱም፣ ኅዳር 30 ቀን 1943 ዓ.ም.

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ በየነች፣ መቱ

ጉልበትዎን አምላክ ያጽናልኝ፤ ቤትዎ የእንግዳ እንጂ የሐዘን መግቢያ አይሁን። ደብዳቤዎን ከመርከቡ ላይ በእጄ ተቀበልኩ። ወንዙ ጎድሏልና መልሴ በአዲስ አበባ ዞሮ ነው የሚደርስዎ፤ ስለ መዘግየቱ አይቀየሙኝ።

ስለ ድልድዩ አይጨነቁ። ነገሩ ቀላል ነው። እዚህ መርከብ በምንጠግንበት ቦታ ከመሐንዲሶች ጋር ስለምውል ጠይቄያቸዋለሁ። ጋሼ ጅራታ ትክክል ናቸው። ድልድይ የሚሠራው ወንዝ ከጠበበበትና ድንጋይ ከጸናበት ነው። ሰቦቃ ልቡ ቅን ነው፤ ይህን ግን አልተማረውም።

ስለዚህ ሥዕሉን ስዬ፣ ምክንያቱን አብራርቼ ለጋሼ ጅራታ ለብቻቸው ልኬላቸዋለሁ። ለሰዉ ያሳዩትና ክርክሩ ያበቃል። እኔም ለአገሬ አንድ ነገር በመሥራቴ ደስ ብሎኛል።

ታዛዥዎ ደበሳ


መቱ፣ መጋቢት 12 ቀን 1943 ዓ.ም.

ለደበሳ

ጤና ይስጥልኝ።

የሚያበርድ ቃል ለሁለቱ ጻፍ አልኩህ። አንተ ፍርድ ለአንዱ ጻፍክ። ዳኛ አድርጎ የሾመህ ማነው?

ጅራታ ወረቀትህን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ለሰው ሁሉ አነበበው። «አልተማረውም» የሚለው ቃል ለእሱም ጽፈህለት ኖሮ እሱንም አነበበው። ሰቦቃ እዚያው ቆሞ ነበር። ጋቢውን አስተካክሎ ወጣና፣ በማግስቱ በቡና መሬቱ መካከል የሚያልፈውን መንገድ በእሾህ አጠረው። ያን መንገድ አባታችን ይሄድበት ነበር። የጅራታ ቤተሰብ አሁን ወደ ገበያ የሚመጣው ተራራውን ዞሮ ነው።

ጅራታ ከሰሰው። ሰቦቃም መልሶ ከሰሰው። ሁለቱም ነገረ ፈጅ ይዘዋል። የሰቦቃ ሚስት ዓያንቱና የጅራታ ሚስት ከአንድ ምንጭ ውኃ አይቀዱም። አገሬውም የላይኞችና የታችኞች ተብሎ ተከፍሎ፣ ለድልድዩ የተቆረጠው ግንድ ሣር እየበቀለበት ነው።

የእናታችንን ተዝካር በአንድ ቀን በሁለት ቤት አወጡት። እኔ ከየትኛው ቤት ልግባ? መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ካህናቱ እንኳ ለሁለት ተከፍለው ሄዱ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሥዕል አትላክ።

በየነች


ካርቱም፣ ግንቦት 2 ቀን 1943 ዓ.ም.

ለእናትም ለእኅትም ለሆኑኝ ለእትዬ በየነች

በሰማይ ያለው አባት ልብዎን ያራራልኝ። ከመጋቢቱ ደብዳቤዎ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ዝም ማለት መብትዎ ነው፤ ቢሆንም ዛሬ ያየሁትን ሳልነግርዎ ማደር አልቻልኩም።

በሥራ ቦታችን አንድ ኑብያዊ አናጢና አንድ ግብፃዊ ብረት ሠሪ አሉ። ከጧት ጀምሮ «እንዲህ ይመታ፣ እንዲያ ይታሰር» እያሉ ሲጯጯሁ፣ አዲስ የመጣ ሰው ሊገላግላቸው ይሮጣል። ቀትር ሲሆን ግን ከአንድ ሳሕን ይበላሉ። እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖረዋል። ባለፈው ሳምንት ግብፃዊው በሁላችን ፊት «ድሮስ ካንተ ዘር ማን ሥራ አውቆ ያውቃል» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጩኸት የለም። በጣም ጸጥ ብለዋል። ምሳቸውን ለየብቻ ይበላሉ፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ሲያበላሸው በዓይኔ አየሁ።

እኔም ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ስለ ምሰሶና ስለ ምስማር ሲለያዩ አልተጣሉም ነበር። የተጣሉት አንዱ ሌላውን ባዋረደ ጊዜ ነው። እኔ በጽሑፌ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው፤ ሐሳቡን ትቼ ሰውዬውን ነካሁት።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። በስብሰባው ላይ የተለዋወጡትን ቃል «አልጽፈውም» ብለው ነበር። ምን ነበር?

ደበሳ


መቱ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1943 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደበሳ

የክረምቱ ጌታ ከአንተ ጋር ይሁን። ዝም ያልኩህ ተቀይሜ ነበር፤ አልደብቅህም። ደብዳቤህን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አሁን መርከብ ስለገባ ሻፊ ሊወስድልኝ ቆሞ ይጠብቃል።

ጃርሶቹ፣ የአገር ሽማግሌዎቹ፣ ለማስታረቅ መጥተው ነበር። ከጃርሶቹ በአንዱ፣ በኦቦ አብደታ ቤት ሁለቱን አስቀምጠው «ቦታው ላይኛው ይሁን፤ ሰቦቃ እሺ በል፤ ተሳሳሙ» አሉ። ሰቦቃ «እሺ» አለ። ተሳሳሙ። ሕዝቡም እልል አለ። ሳምንት ሳይሞላ የሰቦቃ በሬ ከጅራታ በቆሎ ገባና እንደገና ፍርድ ቤት ቆሙ። እኔም እሺ ያለው ሰውዬ ለምን እንዳልታረቀ ግራ ገባኝ። ያንተ ጥያቄ የደረሰኝ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጅራታ ያለው ይህ ነው። ሰቦቃ ስለ ታችኛው መሻገሪያ ሲናገር አቋረጠውና «ያንተንማ ምክር ውኃ ይወስደዋል፣ እንደ ድልድይህ» አለው። ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም፤ ለዚህ ነው ለመጻፍ ያፈርኩት።

ወደ ሰቦቃ ሄድኩ። ቡናውን ሲመነጥር አገኘሁት።

«ቦታው እንዲህ ያንገበግብሃል?» አልኩት።

«ቦታውንማ ድሮ ትቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ገጀራውን መሬት ላይ ሰካው። «ሰው ሳቀ። ግድ የለም፣ ሰው ይስቃል። ጋሼም አብሮ ሳቀ። ያን ድልድይ ስሠራ አንድ ክረምት ሙሉ ከውኃ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ እሱ ያውቃል።»

ከዚያ በተራራው ዞሬ ወደ ጅራታ ሄድኩ። ጉልበቴ አለቀ። እሱም ስለ ድልድዩ አንድ ቃል አላነሣም። «አባቴ የሄደበትን መንገድ በእሾህ ዘጋብኝ። እንደ ሌባ ቆጠረኝ» ብሎ ድምፁ ተሰበረ። ጅራታን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ደበሳ፣ በኦሮምኛ መጣላትን «ወል ዸቡ» ስንል፣ ቃል በቃል አንዱ ሌላውን ማጣት ማለታችን አይደለም? ወንድሞቼ ስለ ቦታው ሐሳባቸው ተለያየ፤ ይህ በሽታ አይደለም። በኋላ ግን አንዱ ሌላውን አጣ። ጃርሶቹ የሐሳቡን ልዩነት በግድ ሊገድሉ ሞከሩ፤ ጠቡን ሳይነኩት ተነሥተው ሄዱ። እኔ የማደርገው ግልባጩን ነው። ድልድዩን ለጊዜው አላነሣውም። የማነሣው ሳቁንና እሾሁን ብቻ ነው።

ትንሽ ፈርቻለሁ። ሴት በዚህ ነገር መካከል ገብታ አታውቅም። ጸልይልኝ።

በየነች


ካርቱም፣ መስከረም 9 ቀን 1944 ዓ.ም.

ለእትዬ በየነች

አዲሱ ዘመን የዕርቅ ያድርግልዎ። ሻፊ ከጋምቤላ ሳይነሣ እንዲደርስ አጭር አደርገዋለሁ።

ከአሮጌ መርከብ የተፈታ የብረት ገመድ አለቃዬን ለምኜ አግኝቻለሁ። በዚህ መርከብ እስከ ጋምቤላ ይደርሳል። ከዚያ በጎሬ በኩል ሻፊ በበቅሎዎቹ ያመጣዋል፤ ከባድ ስለሆነ አንዱን ገመድ ሳይቆርጡ ለብዙ በቅሎ አካፍለው በመደዳ ይጫኑት። የት እንደሚዘረጋ አልናገርም። አልጠየቁኝም።

ለሰቦቃ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። በወረቀት የከፋውን ሰው በወረቀት ማባበል አልሆንልህ አለኝ። እርስዎ በአፍዎ ይንገሩልኝ። «ደበሳ ስለ ድልድይ ያለውን ዛሬም ይላል፤ ስላንተ ያለውን ግን ይቅር በለኝ ይልሃል» ይበሉልኝ።

ደበሳ


መቱ፣ ጥር 16 ቀን 1944 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደበሳ፣ ካርቱም

እንኳን ለጥምቀቱ ብርሃን አደረሰህ! ከደስታዬ የተነሣ ከየት እንደምጀምር ጠፋብኝ። ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ያልከኝን ለሰቦቃ ነገርኩት። «ሁለቱን ለያይቶ ነው የነገረሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አለ። መንገዱን ያሳየኝ ይህ ነው።

ወደ ጅራታ ሄጄ «የሳቅህበት ቦታ ሄደህ፣ በሳቀው ሰው ፊት ወንድምህን ይቅርታ ጠይቀው» አልኩት።

«እኔ ታላቅ ነኝ» አለ።

«ታላቅነትህን የወሰደብህ የለም።»

«አንቺ አይገባሽም፣ በየነች። ይህን ካልኩ ነገ ድልድዩ ታች ይሠራል። ተሳስቼ ነበር ማለት ነው፣ አይደለም እንዴ?»

ደበሳ፣ ለካ የጨነቀው ይህ ነው! «አይደለም» አልኩት። «ስለ ቦታው እንደፈለግህ ትከራከራለህ። እኔም አልቃወምህም፤ እንዲያውም ላይኛው ሳይሻል አይቀርም እላለሁ። ይቅርታ የምትጠይቀው ስለ ሳቁ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ስለ ሳቁ ብቻ?»

«ስለ ሳቁ ብቻ።»

ትከሻው ሲወርድ ታየኝ። ሸክም ያወረደ ሰው መሰለ።

ሰቦቃንም «መንገዱን ክፈት» ስለው ያንኑ ፈርቶ ነበር። «ከከፈትኩት ተሸነፈ አይሉኝም?» አለ። «ድልድዩ ታች ይሁን ማለትህን ማን ከለከለህ? የምትከፍተው የአባትህን መንገድ ነው» አልኩት።

በገበያ ቀን፣ የመጀመሪያው ስብሰባ በነበረበት በገበያው ዳር ሜዳ ሰዉ ተሰበሰበ። ጅራታ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። «ወንድሜ አንድ ክረምት ከውኃ ቆሞ የሠራውን ድልድይ መሳቂያ አደረግሁት። ደግሞ የሩቅ ሰው የጻፈውን ይዤ በቤተ ክርስቲያን አዋረድኩት። ስለ ቦታው ሐሳቤ ያው ነው፤ ስለዚህ ግን በድያለሁ» አለ። የሚስቅ አልነበረም። ሰቦቃ ተነሥቶ ጉልበቱን ሊስም ሲያጎነብስ ጅራታ በሁለት ክንዱ ቀና አደረገው። ከዚያ ሰቦቃ ገጀራውን ይዞ መንገድ ጀመረ፤ ሕዝቡም ተከተለው። ያን አጥር ከዳር እስከ ዳር ጣለው። ዓያንቱና የጅራታ ሚስት እሾሁን ባንድነት እየጎተቱ አቃጠሉት። እኔ ቆሜ እያየሁ አለቀስኩ።

ስለ ቦታው የተሰበሰብነው በሌላ ቀን ነው። እንዲያ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም! ጅራታ ይጮሃል፣ ሰቦቃ ይጮሃል። ኦቦ አብደታ ሊያስታግሳቸው ተነሡ። «ተዋቸው፣ ይህ ጠብ አይደለም» አልኳቸው። ከዚያ መሐል ገብቼ «ጅራታ፣ ሰቦቃ ታችኛውን ለምን እንደሚመርጥ አንተ ንገረን» አልኩ።

«ግትር ስለሆነ ነው» አለ።

«እሱ ስድብ ነው። ምክንያቱን ንገረን።»

አመነታ። ኋላ ግን «የተጫነ በቅሎ በላይኛው ገደል ወርዶ አይወጣም። ቃሬዛ የያዙ ሰዎች እግራቸው ይንሸራተታል። መንገድ ከሌለ ድልድዩ ምን ይሠራል?» አለ። ሲናገር ራሱ የገረመው ይመስል ነበር። ሰቦቃም ተራው ደርሶ «ታች ድንጋይ የለም፤ የኔን ድልድይ የወሰደው ጎርፍ ሁለተኛውንም ይወስደዋል» አለ። ይህን ከሰቦቃ አፍ ሰምተነው አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ድልድዩ ላይኛው ይሠራል። መንገዱ ግን ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በሰቦቃ የቡና መሬት ውስጥ እየተጠማዘዘ፣ የተጫነ በቅሎ ሳይቸገር እንዲወርድ ሆኖ ይቆፈራል። መሬቱን ራሱ ሰጠ። ቁፋሮውን የሚመራውም እሱ ነው። «ታች ይሻል ነበር» እያለ ነው የሚመራው!

ክሱን ሁሉ አነሡ። ነገረ ፈጆቹ ብቻ አዝነው ተለያዩ። ገመድህም በደኅና ገባ፤ የሻፊ በቅሎዎች እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው መቱ ሲደርሱ አገር ወጥቶ ነበር።

በየነች


ካርቱም፣ መጋቢት 4 ቀን 1944 ዓ.ም.

ለእትዬ በየነች

የሰላም አምላክ ይክበር ይመስገን። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት አነበብኩትና ለኑብያዊውና ለግብፃዊው በአረብኛ ተረጎምኩላቸው። አስታረቅኋቸው ብል ውሸት ነው። ግብፃዊው ግን «ያቺ ሴትዮ እዚህ ብትሆን ምን ታዘኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ያዋረድከው በማን ፊት ነው?» አልኩት። በማግስቱ ሁላችን ተሰብስበን ሳለ ተነሥቶ ተናገረ። ዛሬ ከጧት ጀምሮ ስለ አንድ ምስማር እየተጯጯሁ ነው። ጆሮዬን ቢያደነቁሩኝም ደስ ብሎኛል።

ገመዱን ስትወጥሩ ከድንጋዩ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ የቀለጠ እርሳስ አፍስሳችሁ አጽኑት። ይህን ለሁለቱም ባንድነት ያንብቡላቸው።

ደበሳ


መቱ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1944 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደበሳ

ክረምቱን በምሕረቱ ያሳለፈን አምላክ ከደጅህ አይለይ። ድልድዩ ቆሟል!

በግንቦት አለቀ። ገመዱን የወጠረው የላይኛውም የታችኛውም ሰው ነው፤ ሻፊና አገልጋዮቹ ሳይቀሩ ጎትተዋል። ሳንቃውን ያዮዎች ከጫካቸው ሰንጥቀው አመጡ። የወረዳው ገዢ ሊመርቅ መጥቶ «ይህን ማን ሠራው?» ሲል፣ ሰቦቃ ጅራታን አሳየ፣ ጅራታ ሰቦቃን አሳየ። ገዢው ሳቀ፤ አሁን ሁሉም ሳቀ፣ ሰቦቃም ከሁሉ በላይ።

ሐምሌ ላይ ለገ ጉራቻ እንደ ካቻምናው ሞልቶ መጣ። ታችኛውን መሻገሪያ አልፎ ሜዳውን ሁሉ ሸፈነው። ሰዉ ዝናብ እየመታው በላይኛው ዳር ቆሞ ተመለከተ። ውኃው ግንድ እያንከባለለ ከሳንቃው በታች አለፈ። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም። ያን ዕለት ከማዶ ቡና የጫኑ በቅሎዎች ተሻግረው በሰቦቃ መንገድ እየተጠማዘዙ ወጡ። በቃሬዛ ደግሞ አንዲት ወላድ መጣች፤ በመቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ጅራታ የሰቦቃን ትከሻ ይዞ «መንገድህ ባይኖር ይች ሴት ከገደሉ አትወጣም ነበር» አለው። ሰቦቃም «ድንጋይህ ባይኖር ምን ላይ ትሻገር ነበር?» አለው። ደበሳ፣ አገሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ጉልበቴን ረስቼ ጨፈርኩ።

አሁን ደግሞ የማታምነውን ልንገርህ። ትናንት ከጎሬ መልእክተኛ መጣ። የቡና ነጋዴ የሆኑ ሁለት ቤተሰቦች ተጣልተው፣ ጃርሶቹ ሦስት ጊዜ አስታርቀዋቸው ሦስቴም አፍርሰዋል። «ያቺ የመቱዋ ሴትዮ ከእኛ ጋር ትቀመጥ» ብለው ላኩብኝ። ኦቦ አብደታ ሲሰሙ «ትሂድ እንጂ! እኛም ቦታ ልንሰጣት ይገባን ነበር» አሉ።

ዛሬ ጧት ሰቦቃ በቅሎዬን ጭኖ መጣ። ጅራታም መጣ፤ ልጓሙን እሱ ሊይዝ ነው። ይህን የምጽፍልህ ተሳፍሬ ልወጣ ስል ነው። ሁለቱ ከደጄ ቆመው በየትኛው መንገድ እንደምንሄድ ይከራከራሉ፤ አንዱ በመኪናው መንገድ፣ አንዱ በጫካው አቋራጭ። ጎረቤቶቼ ደንግጠው «ምን ተፈጠረ?» እያሉ ወጥተዋል።

«ምንም አልተፈጠረም» አልኳቸው። «ወንድሞቼ እየተነጋገሩ ነው።»

እኅትህ በየነች